ጨው ውሃውንም ቢሆን ላኪልን

ይጁቤ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሙላቷ ልጅ፣ ለቤታችን ብቸኛ ፍሬ ለሀይማኖት፤

ዘመንን በዘመን የሚተካ አምላክ አንቺንም እኛንም ለዚህች ሰላምታ ስላበቃን ስሙ የተመሰገነ ይሁን። እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እኛ አለን። ጤፉ ዘንድሮ ፍሬው ጥሩ ነው፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ እኔም መቋሚያዬን ተደግፌ ማኅሌት መቆሜን አልተውኩም። ስልኩ ግን የቤት ጌጥ ሆኗል። ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፣ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ያኮርፋል። ስለዚህ እንደ ድሮው በብዕር መጣሁብሽ። እህል ነጋዴው ፈንታ አዲስ አበባ ሲደርስ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፤ አንቺ የምትጽፊውንም እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ሲመጣ ነው እንግዲህ። ፈንታ እንደ በልግ ዝናብ ነው፣ ቀን አይቆረጥለትም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እቴቴሽ የብርጓል ጉልበቷን በጠና ታማለች። እናትሽ ካረፈች በኋላ አንቺን አዝላ ከዚህ እስከ ማርቆስ በእግሯ ትገሰግስ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ከመደብ ለመነሣት ግድግዳ ትይዛለች። ማርቆስ ሆስፒታል ወስጃት በራጅ አዩት። ሐኪሙ «በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ልስላሴ አልቋል፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ እርስ በርሱ ይፋጫል» አለን። ኪኒን ሰጧት። ኪኒኑ ጉልበቷን ትንሽ አስታግሶ ጨጓራዋን አነደደው።

ወረፋ ስንጠብቅ አንድ አስተማሪ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር። «ጄል የሚባል መርፌ አለ፤ ጉልበት ውስጥ ገብቶ እንደ ዘይት ያለሰልሳል። በውጭ አገር መንግሥት ራሱ በነጻ ይወጋል» ብሎ አጫወተን። እዚህ የለም። አንቺ ግን በጤና መሥሪያ ቤት የምትሠሪ ልጅ ነሽ፤ ከእጅሽ አይጠፋም ብለን ተስፋ አደረግን።

እሷ ሳትሰማ አንድ ነገር ልንገርሽ። የጨነቃት ሕመሙ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የንስሐ አባታችን አባ ስማቸው «እግዚአብሔር ከበሽተኛ ስግደት አይሻም» ቢሏትም አልዋጥላት አለ። «ቁጭ ብዬ ነው ወይ የጌታዬን ሕማም የማየው?» ትላለች። የምትመኘው በዘንድሮው ሕማማት ከሰው እኩል መስገድ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

ከታች ያለው ትልልቅ ፊደል የእሷ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠረችው እንዳይጠፋባት ወረቀቴን ተሻማችኝ።

የደጃችንን አቧራ ዳግም በእግርሽ ለመርገጥ ያብቃሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ዋኘው

ሀይማኖቴ እኔ ደህና ነኝ። አታስቢ። ወፍራም ልብስ ልበሺ። የብርጓል


በርገን፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ የኔታ፣ ለምወድሽ እቴቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ በባሕር ማዶ ሆኜ የሁለታችሁንም ጉልበት እስማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ኖርዌይ ዝናቡ በረዶ፣ በረዶው ዝናብ እየሆነ ይውላል፤ ፀሐይ እንደ ባለሥልጣን ብቅ ብላ ትሄዳለች።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ ልል ነበር፤ እርሱም ውሸት አይደለም። የእቴቴ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። እስቲ ይንገሩኝ፤ ጉልበቷ ሲነኩት ይሞቃል? ጠዋት ነው የሚብስባት ወይስ ስትደክም? ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ? ኪኒኑን ጨጓራዋን እያቃጠላት እንዳትወስድ፤ ተመልሳችሁ ንገሯቸው፣ የሚቀባ ካላቸው ይስጧት።

ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ የጉልበት መደገፊያ ልኬላታለሁ፤ ፈንታ አዲስ አበባ ላይ ይቀበለዋል። ሌላም አለ። መደብ ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀስ አድርጋ ወደ ፊት ትዘርጋ፣ ትንሽ ታቆየው፣ ታውርደው። ጠዋትና ማታ ታድርገው። የጭኗ ሥጋ ሲጠነክር ጉልበቱን ያግዘዋል። የማይረባ ይመስላል፣ ግን ይረባል። ውሃ መሸከሙንም ተዪ በሏት፤ የእኔን ቃል ባትሰማ የእርስዎን ቁጣ ትሰማለች። ወይም ደግሞ አትሰማም፤ አውቃታለሁ።

ስለ መርፌው አጣርቼ እጽፍልዎታለሁ።

ጸሎታችሁ አይለየኝ።

ልጃችሁ ሀይማኖት


ይጁቤ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሀይማኖት፤

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም የሚያስፈጽም አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። የላክሽው የጉልበት መደገፊያ ደረሰን። የብርጓል አንድ ቀን አድርጋ «እግሬን የታሰርኩ በቅሎ መሰልኩ» ብላ ሰቀለችው። እግር መዘርጋቱን ግን ይዛዋለች፤ ጎረቤቶቿ እየሳቁባትም አልተወችም።

አሁን ደስ የሚል ዜና ስሚ። ባለፈው ሳምንት ማርቆስ ሆስፒታል ተመልሰን ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም አገኘን፤ አንደበቱ ለስላሳ፣ እጁም ለስላሳ። «ጄሉ የለንም። እብጠቱን የሚያበርድ ሌላ መርፌ አለ፤ ለጊዜው ያስታግሣታል» ብሎ በጣም የሚያማትን ቀኙን ጉልበቷን ወጋት። ልጄ፣ በአራተኛው ቀን ግድግዳ ሳትይዝ ተነሣች! ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ሄዳ ጎመን ዘር ገዝታ በእግሯ ተመለሰች። እኔ ከኋላ ቀረሁ። እሷ ዞር ብላ «ምነው መሪጌታ፣ ደከመዎት እንዴ?» አለችኝ። ይህችን ቃል ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

ሐኪሙ ሲያሰናብተን «ራስሽን ጠብቂ፤ ከባድ አትሸከሚ፣ አረም ተንበርክከሽ አትንቀዪ» ብሏታል። እንደ ቀኖና ይዛዋለች። እንስራ አላነሣችም፣ ማሳ አልወረደችም። ጉልበቷን ለሕማማት እያስቀመጠችው ነው።

ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል። ይህ «ለጊዜው» ያሉት እንዲህ ካደረጋት ያ የእናንተው ጄልማ ምን ሊሆን ነው! ለግራው ጉልበቷ እሱን ላኪልን። አጣራለሁ ብለሽን ነበር፤ ማጣራቱ ከጠላ ማጣራት በለጠ።

ፈንታ ነገ ይነሣል፤ እንዳያመልጠኝ ላብቃ። የጾሙን በረከት አይንሳሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ዋኘው

ሀይማኖቴ እሑድ እስከ መጨረሻው ቆሜ አስቀደስኩ። የብርጓል


በርገን፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ የኔታ፤

የሁለታችሁንም ጉልበት እስማለሁ። ይህን ደብዳቤ እባክዎን ብቻዎን ያንብቡት፤ ከዚያ ለእቴቴ የሚነግሯትን እርስዎ ያውቃሉ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሽተኛም አላይም። መንግሥት ለየትኛው ሕክምና ይክፈል፣ ለየትኛው አይክፈል የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ በየአገሩ የተደረገውን ጥናት ሰብስበን፣ አንብበን፣ መዝነን ሐሳብ የምናቀርብ ሰዎች ነን። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ጉዳይ የጉልበት መርፌ ነው። የኅዳሩ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ያ ያሉት ጄል ወረቀቱ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስልዎ ስላጣሁ ነው የዘገየሁት።

ጥናቱ እንዲህ ነው። ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ሰዎች ለግማሾቹ ጄሉን ይወጓቸዋል። ለግማሾቹ ደግሞ ሳይነግሯቸው ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ይወጓቸዋል። ከዚያ «እንዴት ናችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጨው ውሃ የተወጉትም «ተሻለን» ይላሉ። ጄሉ ከጨው ውሃው የሚበልጥባት ነገር ቢኖር፣ ሰው በገዛ ጉልበቱ የማይለያት ኢምንት ናት። ስለዚህ መንግሥት አይክፈልበት ብለን ጻፍን። እኔም ከፈረሙት አንዷ ነኝ። ጄሉን ብልክልዎ የማላምንበትን ነገር በእቴቴ ጉልበት ውስጥ ማስገባቴ ነው።

አሁን የተወጋችው ሌላ ነው። እሱ በእርግጥ ያስታግሣል፤ ግን ለሳምንታት ነው። ያለቀውን ልስላሴ አይመልስም። ሕመሙን ያስተኛዋል እንጂ ጉልበቱን አያድነውም፣ የኔታ። «ለሕማማት እያስቀመጠችው ነው» ብለውኛል። ጉልበት አይጠራቀምም። ሕመሙ ስለተኛ ብቻ ቀኑን ሙሉ ስትወድቅ ስትነሣ ብትውል፣ መርፌው ሲለቅ ምን እንደሚጠብቃት እፈራለሁ።

አድንኖ፣ አስተብርኮ፣ ሰጊድ ብለው የስግደትን ዓይነት በልጅነቴ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አድንኖ ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። እሱም ስግደት ነው ብለውኛል። ዘንድሮ አድንኖ ይብቃት። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢነግሯት ትሰማለች። ደብዳቤው ከሕማማት በፊት እንዲደርስዎ ፈንታን በስልክ ለምኜዋለሁ።

ልጅዎ ሀይማኖት


ይጁቤ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

ልጄ ሀይማኖት፣ ከሞት ወደ ሕይወት ያሻገረን ጌታ እንኳን ለብርሃኑ አደረሰሽ። ዶሮ የት ታገኝ ይሆን እያለች የብርጓል ስታስብሽ ከረመች።

ስለ ዶሮ ልጽፍልሽ አይደለም ግን። ሰገደች! ሰኞ ጀምራ፣ እስከ ሐሙስ ከሴቶቹ መካከል ቆማ፣ አርብ ስቅለት ከማለዳ እስከ ማታ ግንባሯን መሬት እያስነካች ሰገደች። እኔ ከወንዶቹ በኩል ሆኜ ዜማው ይጠፋብኝ ጀመር፤ ዓይኔ እሷ ላይ ነው። ነጠላዋ አፈር ለብሶ አፈር መስሏል። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ሊደግፏት ሲሉ በእጇ ትገፋቸዋለች። አለቀስኩ ልጄ፤ በስቅለት ማልቀስ ደግ ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ማታ ሰው ሁሉ በየተራ እየቀረበ፣ አባ ስማቸው በወይራ ዝንጣፊ ጀርባውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ስግደቱን ሲሰጡት፣ እሷም ደረሰች። የዓመቱን ሰጧት። «የሦስቱን ዓመትም ይጨምሩልኝ አባ» አለች። «ተይ አንቺ ሴት» አሏት። አልተወችም። ጨመሩላት። የቻለችውን ያህል እዚያው ሰገደች፤ የቀረውን በዓለ ሃምሳ ሲወጣ ልትጨርስ ቃል ገብታለች። በሃምሳው ስግደት እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ እስከዚያ ታርፋለች።

ከትናንት ጀምሮ ጉልበቷ ትንሽ አብጧል። ድካም ነው። ቅቤ እያሸሁላት ነው።

አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው? ጄሉም አልመጣ፣ ደብዳቤሽም አልመጣ። ፈንታም ጠፋ፤ ከሕማማት በፊት ወደ አዲስ አበባ እንደሄደ አልተመለሰም። ይህን የምልክልሽ በሌላ ሰው ነው። ደህንነትሽን አሰሚን።

አጎትሽ መሪጌታ ዋኘው

ሀይማኖቴ ሰገድኩ። የብርጓል


በርገን፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። በመጋቢት የጻፍኩልዎ ረጅም ደብዳቤ ደርሶዎታል? አልደረሰዎትም መሰለኝ። ቢደርስዎት ይህን አይጽፉልኝም ነበር።

እባክዎን ቅቤውን ይተዉና ነገውኑ ማርቆስ ይውሰዷት። ጉልበቷ ቀልቶ የሚሞቅ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ የሚላት ከሆነ፣ አንድ ቀን እንዳታሳድሩ። ስልክ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ደውሉልኝ። እኔ ስደውል አይገባም።

«ሰገድኩ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አየኋት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልቻልኩም፤ ይቅር በሉኝ።

ሀይማኖት


ይጁቤ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀይማኖት፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። የመጋቢቱ ፈንታ ኪስ ውስጥ ሆኖ ፋሲካን ደጀን ላይ ዋለ፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ፈንታ በሰው ደጅ ዶሮውን በልቶ፣ የእኛን ነገር በደረት ኪሱ ይዞ ተቀመጠ። ማንን ልውቀስ? በጊዜው ቢደርስስ አነብላት ነበር? ይህንንም አላውቀውም። ደስታዋን አይቼ አፌ ይያዝ ነበር ይሆናል።

የብርጓል አልጋ ይዛለች። ማርቆስ ወሰድኳት፤ ከጉልበቷ ውሃ ቀዱ፣ መርምረው «መግል የለውም» አሉን፤ ተመስገን። ግን እግሯ አልዘረጋ አለ። «እንደ መጀመሪያው ውጓት» አልኩ። «ብንወጋትም እንደ መጀመሪያው ላይሆን ይችላል፤ በላይ በላዩ መውጋቱም ይጎዳታል፤ እንቆይ» አለኝ ያ ወጣት ሐኪም። በሕማማት መስገዷን ስነግረው ደነገጠ። «እኔ ስለ አረም ነገርኳት» አለ። የደግ ሰው ልጅ ነው። በአገሩ እንዲህ ያለ ሥርዓት ከሌለ ከየት ያውቀዋል? እኛም ስግደትን ከሸክምና ከአረም ጋር አንድ ላይ ቆጥረነው አናውቅ። መድኃኒቱ በቀዶ ጥገና ጉልበቱን በብረት መለወጥ ነው አለን። እሱም አዲስ አበባ፤ ወረፋውም ረጅም፤ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በየደብዳቤሽ ራስ «ጉልበታችሁን እስማለሁ» ትያለሽ። የትኛውን ጉልበት? ያንን የፈረምሽበትን? መቆጣቴ ነው፣ አልደብቅሽም። ተቀምጠሽ ወረቀት ስትመዝኝ የብርጓል አልታየችሽም? እሷን አልመዘንሽም?

ከዚያ ደግሞ ቁጣዬ በረደና ጥናታችሁን ደጋግሜ አነበብኩት። ጨው ውሃ የተወጉት ተሻላቸው ብለሻል። እኛማ ያለ መርፌም በውሃ ስንጠመቅ፣ ስንድን የኖርን ሰዎች ነን፤ አልገረመኝም። ታዲያ ልጄ፣ ጄሉ ካልሆነ ጨው ውሃውንም ቢሆን ላኪልን። እሱን መንግሥት አይከለክልሽ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል አሉ። እኔ ሞኙ ልሁን፤ ልላሰው።

የብርጓል ዛሬ አልጻፈችም። ተኝታለች።

መሪጌታ ዋኘው


በርገን፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ የኔታ፤

ቢቆጡም ጉልበትዎን እስማለሁ። ሌላ አከባበር አላስተማሩኝም።

ጨው ውሃውን ልልክልዎ አልችልም። የሚረዳ ከሆነም የሚረዳው የሚወጋው ሰው ጨው ውሃ መሆኑን ሳያውቅ፣ ተስፋ አድርጎ ሲወጋ ነው። እኔ ደግሞ ነገርኩዎት። ዝም ብዬ አንድ ብልቃጥ ልኬ «ይኸው መድኃኒት» ብያችሁ ኖሮ ምናልባት ለጥቂት ጊዜ ይሻላት ነበር። እውነቱን ነግሬ እሱንም አበላሸሁባችሁ። ይህን ሳስብ ሥራዬም እውነቴም ያስጠላኛል።

እሷን አልመዘንሽም ወይ ላሉኝ፣ አልመዘንኳትም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። በጥናቱ ውስጥ በሽተኞቹ የሚጠየቁት ተጽፎ ያለ ጥያቄ ነው። ደረጃ ስትወጣ ያምሃል? ካልሲ ስታደርግስ? መኪና ውስጥ ስትገባና ስትወጣስ? እቴቴ ደረጃ የላት፣ ካልሲ የላት፣ መኪና የላት። «ግንባርሽ መሬት ነክቶ ስትነሺስ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ለአለቃዬ ይህን ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ፤ በእውነት ሰማችኝ። ከዚያ «ጥያቄው ቢጨመርም መልሱ የሚለወጥ ይመስልሻል?» አለችኝ። አልመሰለኝም። መልሱ ትክክል ነው፣ የኔታ። ትክክል መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

እቴቴን እዚህ አምጥቼ ላሳክማት ጠየቅሁ፤ አይሆንም አሉኝ። የአዲስ አበባውን ወረፋ በሰው አስመዝግቤያታለሁ፤ መቼ እንደሚደርሳት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ቢደርሳትም መንገዱ ክፍት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። ስግደቱ ነው ያባሳት ወይስ ሳትሰግድም እዚህ ትደርስ ነበር? እሱንም አላውቅም። ሙያዬ ማወቅ ነበር፤ ስለ አንድ የማውቃት ጉልበት ግን ምንም አላውቅም።

እግር መዘርጋቱን፣ እብጠቱ ሲጎድል፣ በሚያማት ልክ ሳይሆን በሚቻላት ልክ ትቀጥል። ከዚህ የተሻለ ነገር በእጄ የለም። አቅቶኛል፣ የኔታ።

ልጅዎ ሀይማኖት


ይጁቤ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀይማኖት፤

ጾመ ፍልሰታን ያስጀመረን አምላክ እንባሽን ይቁጠርልሽ። «አቅቶኛል» ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ ቁጣዬ ወጥቶ ሄዷል። ያቃተው ሰው ያቃተውን አይቆጣም። ደብዳቤ ያላቆየሁብሽ ዛሬ ብቻ ነው፤ ፈንታ ሊሄድ ነው።

የብርጓል ከአልጋ ተነሥታለች። በምርኩዝ ከወይራው ሥር ትደርሳለች፤ ድንጋይዋ ላይ ትቀመጣለች። እግር መዘርጋቷን ቀጥላለች፣ አሁን የሚስቅባት የለም። ያስጨነቃት በስቅለት የገባችው ቃል ነው። ሃምሳው ወጣ፣ የሐዋርያት ጾም ገባ፣ ወጣ፤ የቀረው ስግደት እንደቀረ ነው። እህል አልወርድ አላት። «ዕዳ ይዤ ልሞት ነው» ትላለች። አባ ስማቸው «ፈትቼሻለሁ» አሏት። እሷ ግን ራሷን አልፈታች አለች።

ስለዚህ ወደ አባ ሄድኩ። «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ይላል። አንድ ሥጋ ከሆንን በእኔ ጉልበት ይከፈልላት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። ዝምታውን ለፈቃድ ቆጠርኩት። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ እሰግድላታለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም። ስጨርስ አንድ ጊዜ ልነግራትና ፊቷን ላየው ነው።

አሁን ሌላ ነገር ልንገርሽ፣ ሐኪም ባትሆኚም። ባለፈው ሳምንት ቀኝ ጉልበቴ ቋ አለ። ከዚያ ወዲህ ስነሣ ግድግዳ እይዛለሁ። ማኅሌት ላይ መቋሚያውን ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ እደገፋለሁ፤ ማንም አላወቀብኝም። የቀረው ጥቂት ስለሆነ አላቋርጥም። ያንን የመጋቢት ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ስለ እሷ ብዬ ሳነበው ያቃጠለኝ ሁሉ ስለ ራሴ ሳነበው ልክ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ምንም አልጠይቅሽም። ጄልም፣ ጨው ውሃም። ለየብርጓል ግን እንዳትነግሪያት፤ አንድ ጉልበት ይበቃታል።

እኔ ለሰዓታት ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው። ፈንታ ከቤት መጥቶ ከእሷ እጅ ይቀበላል። እንዳታነበው ወረቀቱን አጥፌ በክር ሰፍቼዋለሁ፤ ከውጭ ባዶውን ጠርዝ ብቻ ትቼላታለሁ። ሰላምታዋን እዚያ ትጻፍ።

የድንግል ጥላዋ አይለይሽ።

አጎትሽ መሪጌታ ዋኘው

ሀይማኖቴ እንዴት ነሽ። ከወይራው ሥር ቤተ ልሔሙ ይታያል። መሪጌታ ሲሰግድ አየዋለሁ። ጉልበቱ ታሟል። እኔ እንዳወቅሁ አትንገሪው። ያ መርፌ ካለ ለሱ ላኪለት። እኔ ይቅርብኝ። የብርጓል